በፍትሕ ኮሚቴው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማነው?

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን አንድ ጨዋታ ተነሥቶ ሳናስበው ወደ ክርክር ተለወጠ። ስምንት ሆነን እንኖራለን፤ ሁለቱ የጋይንት፣ ሁለቱ የፋርጣ፣ አንዱ የእስቴ፣ አንዱ የፎገራ ልጆች ሲሆኑ የቀሩት ሁለቱ ከጎጃም የመጡ ናቸው። ከጎጃሞቹ አንዱ «ለመሆኑ ባሕር ዳር በሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት ውስጥ ወረዳችሁን የሚወክለው ማነው?» ብሎ ጠየቀን። ሁለት ሰዎች ብቻ ስም ጠሩ። ከሁለቱም አንደኛው የጠራው የወረዳውን አስተዳዳሪ ነበር። «እኔ የጠየቅሁህ ስለ እንደራሴው ነው እንጂ ስለ አስተዳዳሪው አይደለም» ቢለው፣ «ያው አይደለም እንዴ?» ሲል መለሰለት። ሳቅን። ጠያቂው ግን ሳይስቅ ቀጠለና «የሕግና የፍትሕ ጉዳይ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ አባላትስ እነማን ናቸው?» ሲለን ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ እንግሊዝ የእግር ኳስ ቡድኖች ጠይቆን ቢሆን ኖሮ ተጠባባቂዎቹን ሳይቀር እንቆጥርለት ነበር።

ውድ አንባብያን፣ በተለይም የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ጸጥታ አፍሬ ነው። የሕግ ተማሪ አይደለሁም። ነገር ግን ነገሩ ለሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚተው እንዳልሆነ በገዛ ቤተ ሰቤ አይቻለሁ።

የእናቴ ታናሽ እኅት ባሏ ከሞተባት በኋላ ስለ እርሻ መሬት ከባሏ ወንድም ጋር ሙግት ገጠመች። ሙግቱ የሚሰማው በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ከቤቷ እስከዚያ ድረስ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። ዘጠኝ ጊዜ ተቀጠረች። አንድ ጊዜ ዳኛው ስብሰባ ሄደዋል፤ አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቷል ተባለ፤ ሁለት ጊዜ ተከሳሹ መጥሪያ አልደረሰውም፤ ሦስት ጊዜ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ የተጠየቀውን ማስረጃ አልላከም። ስንቋን ይዛ እየሄደች፣ ስንቋን ጨርሳ ትመለሳለች። በመጨረሻ ተፈረደላት። እልል ተባለ፤ ጠላም ተጠመቀ። ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አለፈ፤ መሬቱን ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚያርሰው የባሏ ወንድም ነው። የውሳኔውን ግልባጭ አክስቴ በላስቲክ ጠቅልላ በሳጥኗ ውስጥ አኑራዋለች።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህች ሴት ለማን ትጩኸ? ይግባኝ የሚባለው ለተረታ ሰው ነው፤ እሷ ግን ረታለች። የዳኛው ፍርድ ትክክል ነው፤ የተበላሸው ፍርዱ ሳይሆን ፍርዱን የያዘው ቤት ነው። መጥሪያ የሚያደርሰው ሰው፣ ማስረጃ የሚልከው ጽሕፈት ቤት፣ ውሳኔ የሚያስፈጽመው ፖሊስ፣ የዳኛው ቁጥር ማነስ፣ ቤቱን የሚያቆመው በጀት፣ ይህ ሁሉ በይግባኝ አይታይም። የሚታይበት ቦታ አንድ ነው፤ እሱም የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ መሆኑን፣ ዳኛም ከሕግ በቀር በሌላ እንደማይመራ በአንቀጽ 79 አስቀምጧል። ይህን አንቀጽ በየስብሰባው እንሰማዋለን። ብዙ ጊዜ የማንሰማው ግን የዚያኑ አንቀጽና የተከታዮቹን ቀሪ ክፍል ነው። የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በርእሰ መስተዳድሩ አቅራቢነት የሚሾመው፣ የጠቅላይ፣ የከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኞችንም በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት የሚሾመው ይኸው ምክር ቤት ነው። አንድ ዳኛ በዲስፕሊን ጉድለት፣ በሥራ ችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ከሥራ ይነሣ ብሎ ጉባኤው ቢወስን እንኳ ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ካላጸደቀው ዳኛው አይነሣም። እንግዲህ ምክር ቤቱ በችሎቱ ውስጥ እጁን ማስገባት አይችልም፤ የችሎቱ በር ማጠፊያ ግን በእጁ ነው።

የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 ወንበር አለው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባል፤ አብዛኞቹ አባላትም የዘወትር ሥራቸው ሌላ ነው። ይህን ያህል ሰው በጥቂት ቀን ስብሰባ የሕግ ረቂቅ አንድ በአንድ ሊያነብ፣ የፍርድ ቤቱን ሪፖርት ሊመረምር፣ የዕጩ ዳኞችን ማንነት ሊያጣራ አይችልም። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በኮሚቴ ነው፤ በአዳራሹ የሚደረገው በአብዛኛው እጅ ማውጣት ነው። አንድ ሕግ ለምሳሌ ያህል የ2009ኙ የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252 በአክስቴ ማሳ ላይ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ሥልጣን አለው። እንዲህ ያለውን ሕግ በረቂቅነቱ ጊዜ ማን አነበበው? ማንስ «ባልየው የሞተባት ሴትስ እንዴት ትሆናለች?» ብሎ ጠየቀ? ለዚህ ነው የኮሚቴው አባልነት ነገር የማይናቀው።

በደብረ ታቦር ተቀምጦ ስለዚህ ነገር መጻፍ የራሱ ስሜት አለው። ይህች ከተማ የራስ ጉግሣ፣ የራስ ዓሊ፣ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ነበረች። በዚያን ጊዜ ሕግ አውጪውም፣ ፈራጁም፣ አስፈጻሚውም በአንድ ድንኳን፣ እንዲያውም በአንድ ሰው ነበሩ። የተበደለ ባላገር ከደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮኻል፤ አቤቱታ የሚለው ቃላችንም የዚያ ጩኸት ልጅ ነው። ጌታው ደግ ከሆነ ፍትሕ አለ፤ ጌታው ከተቆጣ ግን ፍትሕም አብራ ትቆጣለች። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ ናቸው ሲል በጽሑፍ አወጀ፤ ሆኖም ዳኞቹን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ከፍርድ ቤቶቹም ሁሉ በላይ የዙፋን ችሎት ተቀምጦ ነበር። አባቶቻችን ሦስቱን ሥልጣን ለያይቶ ማስቀመጥ ምን ያህል አስቸጋሪ መሆኑን ያዩት እንዲህ ነው። እኛስ ለያይተናቸዋል ወይ? የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ «ያው አይደለም እንዴ?» ያለው እንዲሁ ከአየር ላይ ዘግኖ አይደለም።

በክልል ምክር ቤቶቻችን ውስጥ የአስተዳደር ሹመት ያለው ሰው የሕዝብም ተመራጭ ሆኖ መቀመጡ እንግዳ ነገር አይደለም። የመንግሥታችን ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ስለ ሆነ ርእሰ መስተዳድሩም የሚወጣው ከምክር ቤቱ ነው። በጠቅላላው ጉባኤ ይህ ይሁን። በፍትሕ ኮሚቴው ግን አይሁን እላለሁ። የአንድ ወረዳ አስተዳዳሪ ወይም የአንድ ዞን ሹም በዚህ ኮሚቴ ቢቀመጥ «ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ለምን አልፈጸመም?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም እሱው ራሱ ሊሆን ነው። አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ትንሽ ይዛባል፤ በእኛ ዘመን አባትና ልጅ መሆንም አላስፈለገ፣ አንድ ሰው ሁለቱንም መሆን ይችላል። በደንቡ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትጨመር ይበቃል፤ ማንኛውም የአስተዳደር፣ የፖሊስ ወይም የዐቃቤ ሕግ ሥራ ያለው የምክር ቤት አባል በሕግና በፍትሕ ጉዳይ ኮሚቴ አይቀመጥም የምትል።

እንግዲያው ማን ይቀመጥ? አንዳንዶች የሕግ ባለሙያ ብቻ ይሁን ይላሉ። በአሜሪካ በየስቴቱ ምክር ቤት «ጁዲሺያሪ ኮሚቲ» የሚባል አለ፤ የአገሪቱ ሴኔትም ይህን ዓይነቱን ኮሚቴ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1816 ነው። በእነዚህ ኮሚቴዎች ጠበቆች ይበዛሉ። ይህም ረቂቁን በቶሎ ለመረዳት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ነገ በዚያው ዳኛ ፊት የሚቆም ጠበቃ ዛሬ የዳኛውን ሹመትና በጀት ሲመረምር ደስ የማይል ነገር አለው። ደግሞም ባላገር ስለ ሙግት አያውቅም የሚል ሰው ካለ የእኛን አገር ሙግት አልሰማም ማለት ነው። በላ ልበልሃ እያለ የሚከራከር፣ ከሳሽና ተከሳሽን በነጠላ ጫፍ አስሮ ቁራኛ የሚያስኬድ፣ መንገደኛውን አስቁሞ «ዳኝ ሁነን» ብሎ ከዛፍ ሥር የሚያስችል ሕዝብ ልጆች ነን። ከእስቴ የመጣ አንድ ገበሬ መጥሪያ በምን በምን ዘዴ እንደሚሸሸግ ከማናችንም የበለጠ ያውቃል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሕግ የተማሩ ሁለት ሦስት ሰዎች፣ ከእነሱም ጋር አስተማሪ፣ ገበሬ፣ ነጋዴ ይኑሩበት። ሴቶችም ይኑሩበት፤ ለሥዕል ያህል አንዲት ሳይሆን ድምፃቸው ሚዛን የሚደፋ ያህል፤ የውርስና የቀለብ ሙግት ይዛ በፍርድ ቤት ደጅ የምትውለው ማን እንደ ሆነች ማየት የሚፈልግ ሰኞ ጠዋት ሄዶ ይመልከት።

ሌላም አለ። ኮሚቴው የአንድ ፓርቲ ሰዎች ማኅበር እንዳይሆን ያስፈልጋል። በ2007ቱ ምርጫ የክልላችን ምክር ቤት ወንበር ሁሉ በአንድ ድርጅት እጅ ገባ። እንዲህ ባለ ቤት የሚቋቋም ኮሚቴ ጥያቄውንም መልሱንም አስቀድሞ በአንድ ስብሰባ ያዘጋጀዋል። የደቡብ አፍሪካን ሕገ መንግሥት ያየ ሰው ዳኞችን በሚያቀርበው ኮሚሽን ውስጥ ከብሔራዊው ምክር ቤት ስድስት አባላት እንደሚቀመጡ፣ ከስድስቱም ቢያንስ ሦስቱ የተቃዋሚ ፓርቲ ሰዎች መሆን እንዳለባቸው ያነባል። የእኛም ሕገ መንግሥት ይህን ዓይነት ሐሳብ ፈጽሞ አያውቅም ማለት አይደለም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሚቋቋመው መርማሪ ቦርድ ሰባት ሰዎች እንዲኖሩት፣ እነሱም ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትና ከሕግ ባለሙያዎች እንዲውጣጡ በአንቀጽ 93 ደንግጓል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ምክንያት አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ስለዚህ ቦርድ ያልሰማ ጥቂት ነው። እንግዲህ ተመራጭና ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ የሚለው ሐሳብ ለክፉ ቀን ከታሰበ ለዘወትሩ ቀን ለምን ይነፈጋል?

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ፤ ምክንያቱም ጥሩ ሰዎች ተቀምጠው መጥፎ ጥያቄ ቢጠይቁ ምንም አልተገኘም። ሪፖርት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ቁጥር ነው። ይህን ያህል መዝገብ ቀረበ፣ ይህን ያህል ውሳኔ አገኘ፣ አፈጻጸሙ በመቶ ይህን ያህል ነው ይባላል፤ ይጨበጨባል። ቁጥር መጠየቅ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በቁጥር ብቻ የሚመዘን ዳኛ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ቀላሉን መዝገብ አስቀድሞ ይዘጋል፤ ከባዱን ይቀጥራል። ባለ ጉዳዩ አንድ ቀን ቢቀር መዝገቡን ይዘጋበታል፤ በሪፖርቱ ላይ ያ መዝገብ «የተጠናቀቀ» ሆኖ ይጻፋል። ጎርፍ አግዷት የቀረችው ሴት በመቶኛው ውስጥ ገብታ የሥራ ውጤት ሆነች ማለት ነው! የአክስቴ መዝገብም እርግጠኛ ነኝ ከተጠናቀቁት ተቆጥሯል።

እኔ የኮሚቴ አባል ብሆን (አትሳቁ) የምጠይቀው እንዲህ ነው። አንድ የመሬት ሙግት ከመከፈቱ እስከ ፍርዱ ድረስ ስንት ቀጠሮ ወሰደ? ከቀጠሮዎቹ ስንቱ በባለ ጉዳይ፣ ስንቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥፋት ተላለፈ? ከተፈረዱት ስንቶቹ በተግባር ተፈጸሙ? ለመፈጸም እምቢ ያለው ማን ነበር? የወረዳው ዳኛ በሳምንት ስንት ቀን በችሎት ይቀመጣል፣ ስንት ቀንስ በስብሰባ? የሚኖርበት ቤት የማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዳኛው የሚተኛበትን ቤትና የሚሄድበትን መኪና የሚለምነው ከወረዳው አስተዳደር ከሆነ፣ ወረዳው ተከሳሽ ሆኖ በቀረበ ቀን ዳኛው ምን እንደሚያስብ ለመገመት ሕግ መማር አያስፈልግም። ነጻነት የሚባለው ነገር ከአንቀጽ 79 ወርዶ እስከ ቤት ኪራይ ድረስ ይደርሳል፤ ይህን ደግሞ ማስተካከል የሚችለው በጀት ያዢው ምክር ቤት ነው። ከ2015 ወዲህ በክልላችን በተነሣው ውጊያ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ ሰውም ከቀዬው ወደ ከተማ ለመውጣት ሲፈራ ስለ ኖረ ደግሞ የቀጠሮው ነገር የባሰ ሆኗል። ቀጠሮ ስላጣ ብቻ መዝገቡ የተዘጋበት ሰው ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ከማንም ይልቅ ከዚህ ኮሚቴ መነሣት ይገባዋል።

አንድ የሕግ ክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ተቆጣኝ። «ኮሚቴ ዳኛን ሲጠይቅ ጣልቃ ገብነት ያ ነው፤ አንተ ፍትሕን እየፈለግህ ገመድ ታቀብላቸዋለህ» አለኝ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ድንበሩን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል። መዝገቡ የዳኛው ነው፤ ቤቱ ግን የሕዝብ ነው። ኮሚቴው «እገሌን ለምን ነጻ ለቀቅኸው?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም፤ «ለምን ዘጠኝ ጊዜ ተቀጠረ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል፤ እሱንም የሚጠይቀው ዳኛውን ሳይሆን የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ነው። በሂደት ላይ ያለ መዝገብ በኮሚቴው ፊት በስም አይጠራ። አቤቱታ ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር፣ በፍርዱ ካልተስማማ «ይግባኝ በል» ተብሎ ይሸኝ፤ ፍርዱ ካልተፈጸመለት ግን ይሰማ።

እንዲያውም ከታሪካችን እንዳየነው ሕግ አውጪ ፍርድ ቤትን የሚጎዳው በጥያቄ ብቻ አይደለም፤ በሕግም ጭምር ነው። በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩትን አቶ ስየ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ አዘዙ። ተከሳሹ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ፤ የፌዴራሉ ምክር ቤትም በዚያው ሰሞን በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ማሻሻያ አዋጅ አወጣ። ማንም ለዳኛዋ ስልክ መደወል አላስፈለገውም። አዋጅ ከስልክ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ረቂቅ በጥድፊያ ሲመጣ «ቆይ፣ እናንብበው፤ ዳኞቹንም ጠበቆቹንም እንስማ» ብሎ የሚያዘገየው የፍትሕ ኮሚቴ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ማዘግየት በአገራችን እንደ ስንፍና ይቆጠራል፤ በዚህ ኮሚቴ ግን ሥራ ነው።

ስለ ሹመት ባጭሩ ልናገር። የዕጩዎች ዝርዝር ይነበባል፣ የሕይወት ታሪካቸው ይሰማል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ይማላል። በአንድ ጠዋት ያልቃል። እኔ የምለው ዝርዝሩ ከጉባኤው በፊት ለኮሚቴው ይድረስ፤ ዳኛው ሊሠራበት በታሰበው ዞንና ወረዳም ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ የሚያውቀው ሰው ያለውን ይናገር። ከሥራ ይነሣ የተባለ ዳኛ ደግሞ ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት በኮሚቴው ፊት ቀርቦ የራሱን ቃል ይስጥ። ሌባ እንኳ ቃሉን ሳይሰጥ አይፈረድበትም፤ በሌላው ላይ ሲፈርድ የኖረ ሰው ሳይሰማ ቢሰናበት ነውር ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለባሕር ዳር ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ለእኛም ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምክር ቤቱን ለመጎብኘት ደብዳቤ የጻፈ የተማሪ ማኅበር ስለመኖሩ በግቢያችን የጠየቅኋቸው ሁሉ አልሰሙም። የሕግ መምህራኖቻችንም ቢሆኑ ረቂቅ ሕግ ሲወጣ አስተያየታቸውን በክፍል ውስጥ ለእኛ ይነግሩናል፤ ለኮሚቴው ግን በጽሑፍ ቢልኩት የበለጠ ዋጋ ይኖረው ነበር። ይህን ስል በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

ስለዚህ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን ከዚህ በላይ ያነሣኋቸውን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ጽፈን ለማኅበራችን ጸሐፊ ሰጥተናል። ደብዳቤው ከደቡብ ጎንደር ለተመረጡት የክልሉ ምክር ቤት አባላት ይላካል፤ ከእነሱ መካከል በፍትሕ ኮሚቴው የሚቀመጥ ካለም በግቢያችን አዳራሽ መጥቶ እንዲያነጋግረን እንጠይቃለን። የምትጨምሩት ጥያቄ ያላችሁ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ለጸሐፊው አድርሱ። ጥያቄው በአንድ ሰው መዝገብ ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ የአክስቴንም ስም ከደብዳቤው ውስጥ አውጥቼዋለሁ።